ኮድ 99

የመሬት አጠቃቀም ለውጥን በሚያጠና ቡድን ውስጥ ሞዴል ሠሪ ሆኜ ስሠራ፣ ለወራት የደከምኩበትና በልቤም የኮራሁበት ሥራ በአንድ የስብሰባ ጥያቄ ፈርሶብኝ ያውቃል። ሥራው አባወራዎች በየማሳቸው ላይ እህል ለመዝራት፣ ዛፍ ለመትከል ወይም መሬቱን ጦም ለማሳደር የሚወስኑትን ውሳኔ በኮምፒውተር የሚያስመስል፣ በኤጀንት ላይ የተመሠረተ ሞዴል ነበር። በእንዲህ ዓይነቱ ሞዴል እያንዳንዱ አባወራ የራሱ መሬት፣ ጉልበትና የአወሳሰን ደንብ ያለው አንድ ኤጀንት ሆኖ ይወከላል፤ የመሬቱ ካርታም የሚገኘው የሁሉም ውሳኔ ተደምሮ ነው።

የእኔ አባወራዎች ግን በአወሳሰናቸው ሁሉም አንድ ሰው ነበሩ። በየዓመቱ መጀመሪያ የእህልን ዋጋ፣ የእንጨትን ዋጋና ለዛፍ ተካዮች የሚከፈለውን ድጎማ አነጻጽረው ትርፉ የበለጠውን ይመርጣሉ። አስተሳሰቡ የቆየ ነው፤ ጀርመናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ፎን ቱነን እ.ኤ.አ. በ1826 መሬት ከገበያ እንደሚርቅበት መጠን ለተለያየ ምርት እንደሚውል ያስረዳው ባለመሬቱ ትርፉን አስልቶ ይወስናል ከሚል መነሻ ነበር። ለስሌት እጅግ ይመቻል፤ እኔንም ያዘናጋኝ ይኸው ምቾቱ ነው።

ውጤቱን ያመሳከርኩት ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች ባነሷቸው ምስሎች ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ካርታ ለሞዴሉ ሰጥቼ 10 ዓመት ካስኬድኩት በኋላ ከ10ኛው ዓመት ምስል ጋር ሳስተያየው፣ ምስሉ ከተሠራባቸው ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች ማለትም ከ100 ፒክስል 92ቱ ተመሳሳይ ሆነው ተገኙ። ይህንኑ ቁጥር በትልቁ ጽፌ ስብሰባ ላይ አቀረብኩ። የመስክ መረጃ አሰባሰቡን የሚመሩት፣ በዕድሜም በሥራም የሚበልጡኝ ባልደረባችን እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ማንም ምንም አልለወጠም ብለህ የመጀመሪያውን ካርታ እንዳለ ብታቀርብልን ኖሮ ስንት ታገኝ ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። አላውቅም ነበር። ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ሳሰላው 94 ሆነ።

በ10 ዓመት ውስጥ የተለወጠው መሬት ከመቶ 6 እጅ ብቻ ነበርና ባለበት የቀረው መሬት ነው ቁጥሬን ያሳበጠው። የእኔም ሞዴል 6 እጅ ያህል ለውጥ ተንብዮ ነበር፤ ይህም የሚያስደንቅ አልነበረም፣ መጠኑ እንዲገጥም ማስተካከያውን የከተትኩት እኔው ነኝና። ቦታው ሲታይ ግን ከ6ቱ የገጠሙት 2ቱ ብቻ ናቸው፤ 4ቱን የለውጥ ቦታ ስቶ፣ ለውጥ በሌለበት ደግሞ ሌላ 4 ጨምሯል። ተመራማሪዎቹ ፖንሺየስና ሚሎኔስ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጽሑፍ ካፓ የሚባለውን የተለመደ የካርታ መመሳሰል መለኪያ ትተን የመጠን ስሕተትንና የቦታ ስሕተትን ለይተን እንመልከት ያሉት እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው። ጽሑፉን አንብቤው ነበር፤ በራሴ ሥራ ላይ ግን አልተጠቀምኩበትም።

ቦታውን ያሳተው ምን እንደሆነ ለማወቅ የአንዱን ኤጀንት መዝገብ ዓመት በዓመት ከፍቼ አየሁ። ቁጥሩ 417 ነበር። በ2ኛው ዓመት እህሉን ትቶ ዛፍ ተከለ፤ በ3ኛው ነቅሎ እህል ዘራ፤ በ4ኛው የእንጨት ዋጋ ጥቂት ከፍ ሲል እንደገና ተከለ። በ10 ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ተክሎ አራት ጊዜ የነቀለ ሰው በየትኛውም አገር አይገኝም። የማነጻጸሪያ ምስሎቼ ሁለት ብቻ ስለነበሩና መካከሉን ስለማያሳዩ፣ ይህ ሁሉ መትከልና መንቀል በመጨረሻው ካርታ ላይ አይታይም ነበር።

ለባልደረባችን መዝገቡን ባሳየኋቸው ጊዜ ሳቁና፣ «ሰዎቹን ለምን እንደተከሉ ጠይቀናቸው የለም እንዴ?» አሉኝ። ጥያቄው በእርግጥ መጠይቁ ውስጥ ነበር። ከ1 እስከ 6 የተዘረዘሩ መልሶች ነበሩት፤ «ሌላ» ለሚል ሰው ኮዱ 99 ሲሆን መልሱ በባዶው መስመር ላይ በእጅ ይጻፋል። በሌሎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ግን 99 «መልስ አልሰጠም» ማለት ነበር። መረጃውን ሳጸዳ በአንዲት የትእዛዝ መስመር 99ን ሁሉ ባዶ አድርጌው ነበርና፣ ከትርፍ ውጭ የሆነው ምክንያት ሁሉ ከእነዚህ ባዶዎች ጋር ጠፍቷል።

ወረቀቶቹን ከካርቶን አውጥተን አብረን አነበብናቸው። አንዱ «ልጆቹ ከሄዱ ወዲህ የሚያርስልኝ የለም» ብሏል። ሌላው ጎረቤቱ በየዓመቱ ወሰን እየገፋ ስላስቸገረው ዛፍ ቢያቆም ድንበሩ እንደሚታወቅለት ተናግሯል። ከሁሉም የገረመኝ ግን የሦስተኛው ነው፤ «የጎረቤቴ ዛፍ ጥላ እህሌን ሲያቀጭጨው እኔም ተከልኩ» ይላል። በሳተላይት ምስል ላይ የዛፍ ማሳዎች ለምን ተጠጋግተው እንደሚገኙ ለወራት በአፈር ዓይነትና በዳገት ስፈልግ የኖርኩትን ይህ ሰው በአንድ መስመር ነግሮናል። የወሰን ዛፉን ነገር ደግሞ ምስሉ ጭራሹን ላያየው ይችላል፤ ፒክስሉ 30 በ30 ሜትር በመሆኑ በድንበር ላይ በአንድ ረድፍ የቆመ ዛፍ በ900 ካሬ ሜትር ውስጥ ተውጦ ይቀራል።

ሞዴሉን እንደገና ስሠራው ኤጀንቶቹ በየዓመቱ ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው እንዲያሰሉ ማድረጉን ተውኩት። የሰውን አወሳሰን ያጠናው አሜሪካዊው ምሁር ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንዳስረዳው፣ ሰው አማራጩን ሁሉ መርምሮ የላቀውን ከመፈለግ ይልቅ የሚበቃውን ሲያገኝ ፍለጋውን ያቆማል፤ ስለዚህ ኑሮው ከሚበቃው መጠን በታች እስካልወረደ ድረስ ኤጀንቱ የነበረበትን ይዞ እንዲቀጥል አደረግኩ። የቤት ጉልበት፣ የጎረቤት ጥላና የተከሉትን ለመንቀል የሚጠይቀው ወጪም ተጨመሩ። ለእያንዳንዱ ደንብ ምክንያቱን መጻፍ ግድ የሆነብኝ ኦዲዲ ፕላስ ዲ በሚባለው፣ የሰውን ውሳኔ እንዲያካትት እ.ኤ.አ. በ2013 በተዘጋጀው የሞዴል መግለጫ ሥርዓት ስለተጠቀምኩ ነው። «ኤጀንቱ የሚወስነው በምን ተመሥርቶ ነው?» ለሚለው ለመጀመሪያው ሞዴሌ ልጽፍ የምችለው መልስ «ለእኔ ስለቀለለኝ» የሚል ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ሌላ አደጋ አለ። ደንብ በበዛ ቁጥር ሞዴሉ ማንኛውንም ካርታ መምሰል ይችላል፤ መምሰሉም ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ በማስተካከሉ ጊዜ ያልነካሁትን የ15ኛውን ዓመት ምስል ለብቻው አስቀምጬ ፈተንኩት። በዚህ ጊዜ ከ«ምንም አልተለወጠም» ካርታ በጥቂቱ በለጠ፤ በጥቂቱ ብቻ። ዋናው ልዩነት የታየው ድጎማውን ከፍ አድርገን ስንሞክረው ነው። የቀድሞው ሞዴል ክፍያው ሲጨምር ዛፍ ያለማቋረጥ ይጨምራል ይል ነበር፤ አዲሱ ግን ከተወሰነ መጠን በኋላ ጭማሪው እንደሚቆም አሳየ። ጉልበት ያጠራቸው ቤቶች ያለ ድጎማም ተክለዋል፤ ጉልበት ያላቸውና ኑሯቸው የሚበቃቸው ደግሞ ቢጨመርላቸውም ከእህሉ አይነቃነቁም።

አሁን በመጠይቃችን ላይ ለ«ሌላ» ግማሽ ገጽ ባዶ ቦታ ትተናል፤ ኮዱም 77 ሆኗል። የእጅ ጽሑፉን ከእኚሁ ባልደረባችን ጋር ቁጭ ብለን እያነበብን በምድብ በምድቡ እንለያለን። ሥራው ሳምንታት ስለሚፈጅ ከበላይ አለቆቻችን ጋር በየጊዜው ያጨቃጭቀናል።