ካርታው ላይ የቀረችው ሰረዝ

ዌል ቴስት ላይ፣ ማለትም የነዳጅ ጉድጓድን ግፊት እየለኩ ከመሬት በታች ያለውን መገመት ላይ፣ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ዴሪቫቲቭ (ግፊቱ በምን ፍጥነት እንደሚለወጥ የሚያሳየውን መስመር) ማንበብ የጀመረ ሰው እንዴት እንደሚያደርገው ሥራው ውስጥ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ጉድጓዱን ዘግተን 4 ቀን ሙሉ ቢልድአፕ ወሰድን፣ ግፊቱ መልሶ ሲያገግም ለካን ማለት ነው። ዳታው ንጹህ ነው። ዴሪቫቲቩ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ሄደ፣ ከ5ኛው ሰዓት ገደማ ጀምሮ ቀስ እያለ ቀና አለ፣ መጨረሻ ላይ ከነበረበት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

እጥፍ! ዘጊ ፎልት ማለት ይኸው ነው፣ ድንጋዩ ተሰንጥቆ የተንሸራተተበትና ፈሳሽ የማያሳልፍ ግድግዳ። የግፊቱ ለውጥ በአንድ በኩል መሄጃ ሲያጣ ስሎፑ፣ ማለትም ዴሪቫቲቩ፣ እጥፍ ይሆናል። ሒሳቡ ፎልቱን እንደ መስታወት ነው የሚቆጥረው። ከማዶ በእኩል ርቀት ሌላ ጉድጓድ አለ ይባላል፣ እንደኛው ያመርታል፣ እኛ ስንዘጋ አብሮ ይዘጋል። የሌለ ጉድጓድ ነው እንግዲህ። "የሌለ" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

ርቀቱን አሰላሁት፣ 150 ሜትር። እየሮጥኩ ጂኦሎጂስቷ ጋ ሄድኩ።

"ሳይዝሚኩ ላይ ምንም የለም" አለችኝ፣ በሞገድ የተነሳውን የከርሰ ምድር ምስል ማለቷ ነው።

"መንሸራተቱ ትንሽ ከሆነ ሳይዝሚክ አያየውም" አልኳት። ይሄ እውነት ነው፣ ጥቂት ሜትር ብቻ የተንሸራተተ ፎልት ያመልጠዋል።

"እሺ፣ በየት በኩል ነው?"

እዚህ ጋ ዝም አልኩ። ቴስቱ ርቀት እንጂ አቅጣጫ አይናገርም። እሷም ጥቂት አሰበችና በእኛ ጉድጓድና በጎረቤቱ መካከል አሰመረችው። ሌላው ጎን ላይ ሳይዝሚኩ በጣም ግልጽ ስለነበር እዚያ ፎልት መጨመር አሳፈራት መሰለኝ። በሁለቱ ጉድጓዶች መካከል ያለው ርቀት 300 ሜትር ነው። ፎልቷ ልክ መሀል ላይ አረፈች። ያኔ እንኳ አልነቃሁም።

ሪፖርቱ ከወጣ በኋላ ለሌላ ጉዳይ ሳይት ላይ ወዳሉት ኦፕሬተር ደወልኩ። ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ቫልቭ ሲከፍቱና ሲዘጉ ያረጁ ሰው ናቸው። ወሬ መሀል "ያኔ ሁለቱንም ዘግተን እንዴት ያለ እረፍት አገኘን" አሉ።

"ሁለቱንም የቱን?"

"ጎረቤቱን ነዋ። የሱም ቫልቭ ጥገና ነበረበት። አንተ ስትዘጋ አብረን ዘጋነው።"

"ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?"

"አንተ የጠየቅከኝ ስለ አንድ ጉድጓድ ነው።"

ይቺ መልስ እስከ ዛሬ ታሳርረኛለች፣ ምክንያቱም ትክክል ናቸው። ይባስ ብሎ ዕለታዊ ሪፖርቱ ላይ ጽፈውታል፣ እኔ የራሴን ጉድጓድ መስመር ብቻ ነው ያነበብኩት። መስታወት ውስጥ ያለ መስሎኝ የነበረው ጉድጓድ በአካል አለ፣ ምርቱ ከኛው ጋር ተቀራራቢ ነው፣ አብሮን ተዘግቷል፣ ግፊቱ ሲያገግም የኛንም ይዞት ወጣ። ሁለቱ ጉድጓዶች እንደሚገናኙ የሚያሳይ ዳታ ይዤ መሀላቸው ግድግዳ አቆምኩ ማለት ነው።

ጎረቤቱን ሳንዘጋ ቴስቱን ደገምነው። እጥፍ የሚባል ነገር የለም፣ እንዲያውም ጎረቤቱ እያመረተ ግፊቱን ስለሚስበው ዴሪቫቲቩ መጨረሻ ላይ ወደ ታች አዘነበለ። ፎልቱን ሰርዙልኝ ብዬ ጻፍኩ። አለቃችን ግን "ከነጭራሹ ከምናጠፋው የጥያቄ ምልክት እናድርግበት" አለ። ቀጣዩ ካርታ ሲሠራ ሰረዟ እዚያው ቀረች፣ የጥያቄ ምልክቱ የት እንደገባ እግዜር ይወቀው።

እኔ አሁን ቴስት ሳቅድ የጎረቤቶቹን ሁሉ ፕሮግራም እጠይቃለሁ። አንዳንዴ ሦስቴ እጠይቅና ስልኩ ጆሮዬ ላይ ይዘጋል።

ባለፈው ሰሞን አንድ አዲስ ልጅ የጉድጓድ ቦታ ሊያሳየኝ ካርታ ዘረጋ። ቦታውን ለምን ወደ ዳር እንደገፋው ጠየቅኩት።

"እዚህ ጋ ፎልት አለ" አለኝ በጣቱ ሰረዟን እየተከተለ። "በቴስት የተረጋገጠ ነው።"

"ማን ነው ያረጋገጠው?"

"እኔንጃ፣ ድሮ የነበሩ ሰዎች።"