ኤጀንቶቹ የት ሆነው ይሥሩ?

ባሕር ዳር ላይ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ዋይፋዩ ግን ወዲያው ይጠፋል። ኮድ የሚጽፉ ኤጀንቶችን (በሰው ሠራሽ አስተውሎት በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞችን) ጎን ለጎን የሚያሠራ መሣሪያ ስመርጥ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ይህንን ነው። ክላውድ ኮድም ሆነ ኮዴክስ የተባሉት ኤጀንቶች ፋይል የሚያነቡትና ትእዛዝ የሚያስፈጽሙት እዚሁ ማሽን ላይ ቢሆንም የሚያስብላቸው ሞዴል ያለው ሩቅ ነው፤ በየእርምጃው ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። መስመሩ መሀል ላይ ሲቋረጥ አንዱ ፋይል ተቀይሮ፣ እሱን የሚጠራው ሌላው ፋይል እንደነበረ ይቀራል። ኤጀንቱ አንድ ከሆነ ችግር የለም። ሦስት ሲሆኑ ግን የቱ የት ላይ እንደቆመ ማጣራቱ ራሱ ሌላ ሥራ ነው።

ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ ባይሆኑ እመርጣለሁ። ውጭ ያለ የሊኑክስ ሰርቨር ተከራይቶ፣ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ማሽን ጋር በጽሑፍ ትእዛዝ በሚያገናኘው) ገብቶ፣ ቲሙክስ (መስመሩ ቢቋረጥም ተርሚናሉን ክፍት የሚያቆይ ፕሮግራም) ከፍቶ እያንዳንዱን ኤጀንት በየራሱ መስኮት ማስጀመር ነው። ኮንትሮል ቢ፣ ቀጥሎ ዲ ተጭኖ መውጣት ይቻላል፤ ሥራው እዚያው ይቀጥላል። መስመሩ በራሱ ጊዜ ቢበጠስም ያው ነው፤ ሲመለስ ቲሙክስ አታች ብሎ መግባት ብቻ። ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ በተቀየረ ቁጥር ኤስኤስኤች ደርቆ ስለሚቀር ሞሽ የተባለው የመገናኛ ፕሮግራም ቢጨመር ጥሩ ነው፤ የአይፒ አድራሻ ቢለወጥም አይበጠስም። ሰርቨሩ ላይ ከ60000 እስከ 61000 ያሉት የዩዲፒ ፖርቶች (የኔትወርክ በሮች) ካልተከፈቱለት ግን አይገናኝም። ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን ማንበብም ስለማያስችል የቲሙክስን ቦታ አይሸፍንም።

ሰርቨሩ ቢኖርም ኤጀንቱ «ይህን ትእዛዝ ላስፈጽም?» ብሎ ከጠየቀ መልስ እስኪያገኝ ተገትሮ ያድራል። ቴስት ማስኬድን አስቀድሞ መፍቀድ፣ ፑሽ ማድረግንና (ኮዱን ወደ ጋራው ማከማቻ መላክንና) ፋይል ማጥፋትን ግን እንዲጠይቅ መተው ነው። ፈቃድ መጠየቁን ጭራሽ ማንሳት፣ የኤፒአይ ቁልፍና የእውነተኛ ደንበኛ ዳታ በሌለበት፣ ከቀረው ማሽን በተነጠለ ኮንቴነር ውስጥ ካልሆነ አልመክርም።

ሁለት ኤጀንት አንድ ፎልደር ውስጥ ከገቡ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሊደመስስ ይችላል። መፍትሔው ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው) ውስጥ ያለው ወርክትሪ፣ ለአንድ ፕሮጀክት ተጨማሪ የሥራ ፎልደር የሚከፍተው፣ ነው፦ ጊት ወርክትሪ አድ፣ ሰረዝ ቢ፣ የአዲሱ ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) ስም፣ በመጨረሻም የፎልደሩ መንገድ። ታሪኩ የጋራ፣ ፋይሎቹ የየራስ ይሆናሉ። በዚህ አለቀ የሚል ሰው ብዙ ነው፤ አላለቀም። ጊት እንዲተዋቸው የተነገሩት ፋይሎች፣ እነ ዶት ኢኤንቪና ኖድ ሞጁልስ (የቅንብሩ ፋይልና የተጫኑት ፓኬጆች ፎልደር)፣ ወደ አዲሱ ፎልደር አይመጡም። ዶት ኢኤንቪን መቅዳት፣ ፓኬጆቹን እንደገና መጫን የግድ ነው። ፒኤንፒኤም የተባለው የፓኬጅ መጫኛ ያለው ሰው ብዙ ዳታ ይተርፈዋል፤ አንዴ ያወረደውን ከራሱ ማከማቻ ያያይዛል። ስታሽ (ያላለቀ ለውጥ ለጊዜው የሚቀመጥበት) ደግሞ ለሁሉም ወርክትሪ አንድ ነው፤ አንዱ ያስቀመጠውን ሌላው ፖፕ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። የኤጀንቶቹ መመሪያ ፋይል ላይ «ስታሽ አትጠቀም፣ ኮሚት አድርግ» (ለውጡን ብራንቹ ላይ መዝግብ) ብሎ መጻፍ ይገላግላል።

ከሁሉ ክፉው የፖርት ጉዳይ ነው፤ ስህተቱ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚመጣው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የጀልባ መቀመጫ የሚያስይዝ ዌብሳይት እንውሰድ። አንደኛው ኤጀንት 3000 ላይ ሰርቨር አስነስቷል። ሁለተኛው ፖርቱ ተይዞ ሲያገኘው የእሱ ሰርቨር በራሱ ወደ 3001 ይሸሻል፤ የቴስቱ አድራሻ ግን 3000 ተብሎ ተጽፏል። ቴስቱ የመጀመሪያውን ኤጀንት ኮድ ፈትኖ «አልፏል» ይላል። ለእያንዳንዱ ወርክትሪ 3010፣ 3020፣ 3030 ብሎ በዶት ኢኤንቪ ቆርጦ መስጠት፣ ቴስቱም አድራሻውን ከዚያው እንዲያነብ ማድረግ ነው። ዳታቤዙም እንዲሁ ለየብቻ። በጃንጎ (የፓይተን ዌብ ማዕቀፍ) ሁለቱ ኤጀንቶች ከአንድ ማይግሬሽን (የዳታቤዝ ለውጥ ፋይል) ተነስተው የየራሳቸውን ቀጣይ ከጻፉ፣ ሥራቸው ተዋህዶ (መርጅ ተደርጎ) ማይግሬት ሲባል ጃንጎ ግጭት አለ ብሎ ይቆማል።

የሥራ ክፍፍሉም በፋይል ነው የሚታሰበው። በዚሁ ዌብሳይት የኢትዮጵያን ቀን አቆጣጠር የሚያስገባው ኤጀንት፣ ጳጉሜን 5 ወይም 6 የምትሆነዋን ጨምሮ፣ ብቻውን ሊሠራ ይችላል። ክፍያና መቀመጫ ግን አንድ ሠንጠረዥ ስለሚነኩ በተራ ይሁኑ። (በጣና ደሴት ያለው ገዳም ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባበትም ካልተነገረው ኤጀንቱ የመያዣ ቅጹን ለሁሉም እኩል ከፍቶ ያስረክባል።)

መሣሪያውን በተመለከተ፣ ክላውድ ስኳድ፣ ብዙ ኤጀንት የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ሥሩ ቲሙክስና ወርክትሪ ስለሆነ በኤስኤስኤች ሰርቨሩ ላይ ይሠራል፤ ለኛ አካባቢ የሚሆነው ይህ ነው። መስኮት ያላቸው አፖች የኮድ ለውጥ ለማንበብ ያምራሉ፤ ኤጀንቶቹን እዚሁ ላፕቶፕ ላይ የሚያስነሱ ከሆነ ግን መስመር ሲጠፋ አብረው ይቆማሉ። ኩባንያዎቹ በራሳቸው ሰርቨር ላይ የሚያሠሯቸው ኤጀንቶች ለትንንሽና ለማይነካኩ ሥራዎች ደህና ናቸው፤ በግል ኔትወርክ ያለ ዳታቤዝ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይደርሱም። በአንድ ሰብስክሪፕሽን ሁሉም የሚቀዱት ከአንድ ኮታ ነው፤ ዶላር የሚከፍል ካርድ እንደልብ በማይገኝበት አገር ስድስት ኤጀንት ማሰለፍ ኮታን ቶሎ መጨረስ ነው። እኔ ከሦስት አላልፍም፤ የጻፉትን አንብቦ መርጅ የሚያደርግ ሰው አንድ ብቻ ነውና።

ሥራው ሲያልቅ ፎልደሩን ዝም ብሎ ማጥፋት ሳይሆን ጊት ወርክትሪ ሪሙቭ ማለት ነው። ኮሚት ያልተደረገ ነገር ካለ እምቢ ይላል፤ ፎርስ ከማለት በፊት ገብቶ ማየት። ፎልደሩ በእጅ ጠፍቶ ከሆነ የቀረውን መዝገብ ጊት ወርክትሪ ፕሩን ይጠርገዋል።