ሸሪዓ ወይስ መደበኛው?

ሐሙስ ማታ፣ ደሴ

የአያቴ ቤት ሸዋ በር አካባቢ ነው። ሁለት ክፍል፣ ጓሮ ኩሽና፣ መንገድ ዳር ደግሞ ለሱቅ የምትከራይ ጠባብ ክፍል። አያቴ ካለፉ ወዲህ ቤቱ የሦስት ልጆች ሆኗል። ታላቁ አጎቴና አክስቴ ሙስሊም ናቸው። አባቴ እናቴን ሲያገባ ክርስትና የተነሳ ነው። ለወሎ ሰው ይህ ወሬ አይሆንም። እኛ ቤት ረመዳንም ሁዳዴም ይጾማል፤ ኢድም ፋሲካም ይበላል።

ጠብ የለም። ያለው ጥያቄ ውርሱ የት ይታይ የሚል ነው። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ወይስ መደበኛው? አጎቴ ሸሪዓ ብሏል። አክስቴም ሸሪዓ ብላለች። አባቴ ከኮምቦልቻ በስልክ «እናንተ ያላችሁት ይሁን» ብሎ ዘግቷል። እሱ እንዲህ ሲል እሺ ማለቱ አይደለም።

ዛሬ አክስቴ ቡና ጠርታኝ አቦሉን ሳልጨርስ ጀመረችኝ። «እስቲ አንተ የተማርከው፣ አባትህ ፈርም ሲባል የሚፈርመው ምኑ ላይ ነው?»

ነገርኳት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። አንቀጽ 34 ላይ ደግሞ የቤተሰብና የግል ጉዳይ በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ ይችላል ይላል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ፈቃድ በምትባለው ላይ ተንጠልጥሏል። አንዱ እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ይሄዳል። አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት በውርስ ክርክር ሸሪዓ ፍርድ ቤት አልዳኝም ብላ እምቢታዋን አልፈው ፈረዱባት። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. ፈቃዷ የለበትም ብሎ ሻረላት።

በፌዴራሉ አዋጅ 188/1992 ላይ የማልወዳት ነገር አለች። መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደ ፈቀደ ይቆጠራል። አንዴ ከፈቀደ ደግሞ መመለስ የለም። አዋጁ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ነው፤ ክልላችን የራሱ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉት። ቢሆንም የአባቴን ዝምታ ሳስብ ያቺ አንቀጽ ታስፈራኛለች። አባቴ ሲከፋው ዝም የሚል ሰው ነው።

አክስቴ አቋረጠችኝ። «ድሮ ማን ጠይቆን ያውቃል?»

እውነቷን ነው። ቦሩ ሜዳ ከደሴ ቅርብ ነው። ዛሬ ቦሩ ሜዳ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ሆስፒታሉ ነው። በ1870 ዓ.ም. ግን አፄ ዮሐንስ ጉባኤ የጠሩት እዚያ ነበር። ስለ ክርስቶስ ልደት ቤተ ክርስቲያንን የከፈለው የሦስት ልደት ክርክር በንጉሥ ፊት ተቆረጠ። የወሎ ሙስሊምም ተጠመቅ ተባለ። የወሎው ገዥ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። የእስልምና ሊቁ ሼህ ጦልሃ እምቢ ብለው ሸፈቱ። በ1948ቱ ሕገ መንግሥትም ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ነገሩ ግን አንድ ወጥ አልነበረም። በሸሪዓ የሚዳኙትን የቃዲ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ያቋቋመው ያው የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ነው።

እንግዲህ ዛሬ ይጠየቃል። አጠያየቁ ነው የሚያሳስበኝ። አክስቴ ስትጠየቅ አጎቴ አጠገቧ ይቆማል፤ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ አባቷ ከሞቱ ወዲህ እንደ አባት የምታየው። እሱ ባለበት «ትስማሚያለሽ?» ቢሏት ምን ትላለች? ብቻዋን አስገብተው ቢጠይቋት እወዳለሁ።

ይህንን ስላት ሳቀች። «እኔ እኮ በሸሪዓ መዳኘት የምፈልገው ወንድሜን ፈርቼ አይደለም። ሃይማኖቴ ነው።»

ከዚያ ሒሳቡን በወረቀት አሠራችኝ። መደበኛው ፍርድ ቤት ከሆነ ሦስቱም ልጆች እኩል ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸው ሲሶ። በሸሪዓ ሴት የወንዱን ግማሽ ትወስዳለች፤ ሙስሊም ያልሆነ ልጅ ከሙስሊም አባቱ አይወርስም። ስለዚህ አጎቴ ሁለት ሦስተኛ፣ አክስቴ አንድ ሦስተኛ፣ አባቴ ባዶ። እሷ ሲሶዋን በሁለቱም ታገኛለች።

«አሁን ኑዛዜውን ጨምርበት» አለች።

አያቴ ሊሞቱ ሰሞን ሁለት ሽማግሌዎችን አስጠርተው «ለክርስቲያኑ ልጄ ሲሶዋን» ብለዋል። ወረቀት የለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቃል ኑዛዜ ከ500 ብር በላይ ማውረስ አይችልም፤ ተናዛዡ ከተናገረው በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ዋጋ የለውም። በሸሪዓ ግን ሟች ወራሽ ላልሆነ ሰው፣ ክርስቲያንም ቢሆን፣ እስከ ሲሶ መናዘዝ ይችላል፤ ምስክር ካለ በቃልም ይጸናል። መጀመሪያ ያቺ ሲሶ ለአባቴ ትወጣለች። የቀረው ለሁለቱ ይከፈላል። የአክስቴ ድርሻ ከዘጠኝ ሁለት ይሆናል። ሽማግሌዎቹን ጠርታ ካስመሰከረች ከራሷ ላይ ይቀነሳል።

ሁለቴ ደምሬ አሳየኋት። ወረቀቱን አየችው፣ ሲኒዋን አስቀመጠች። «ታዲያ የአባቴን ቃል ልቀብር?»

እኔም ከጥቅሙ ውጭ አይደለሁም፤ የአባቴ ድርሻ ነገ የኔ ነው። ያም ሆኖ የምለውን አልቀየርኩም። አባቴ እምቢ ቢል ጉዳዩ መደበኛው ጋ ይሄዳል፣ ሦስቱም ሲሶ ሲሶ ይይዛሉ፣ እሷም ምንም አትቀነስም። እኔ ከዚህ የተሻለ መንገድ አልታየኝም። ለእሷ ደግሞ ይህ ስንፍና ነው። የአባቷ ቃልና የፈጣሪዋ ሕግ እያሉ በቁጥር ማምለጥ ይሆንባታል። በኔ ሕግ ድርሻዋን ትይዛለች፤ በእሷ ሕግ ለወንድሟ ታካፍላለች። የተጎዳችው እሷ ናት ብዬ ልከራከርላት አልቻልኩም፤ ራሷ አልተጎዳሁም አለች።

አጎቴ የኑዛዜውን ነገር ያውቃል። እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሰም። እሱም ከድርሻው ይቀነስበታል፤ ከሁለት ሦስተኛ ወደ ከዘጠኝ አራት። ቀጠሮው ቀን ዝም እንዳይል ሰግቻለሁ። አክስቴ «ከአላህ ፊት ይዋሻል ብለህ ነው?» አለች። መዋሸት ሌላ፣ ዝም ማለት ሌላ ነው።

ነገ በጠዋት አብረን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ እንሄዳለን። እሷ አባቴን ለማስፈረም ነው። እኔ እንዳይፈርም ልነግረው ነው፤ ይህንንም በመንገድ እነግራታለሁ። ቂም ይዛ ከሆነም ታሪፉን እኔ እከፍላለሁ ብያለሁ።