ጀበናው አለ፣ ሠሪዋስ?

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ትንሽ ሽቅብ ሲሉ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኛል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ዳገቱን ከወጡ ደግሞ ቀጨኔ መድኃኔዓለም አካባቢ ይደርሳሉ፤ ሴቶች እስከ ዛሬ ጀበናና ምጣድ የሚሠሩበት ሰፈር ነው። በእግር የሚደረስባቸው ቦታዎች ናቸው። ሸክላ ግን ከጓሮ ወጥቶ መስታወት ውስጥ ሲገባ የሠሪዋን ስም መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል። የዕቃ መዝገብ ከየት እንደተሰበሰበ፣ ከየትኛው ሕዝብ እንደሆነ፣ መቼ እንደገባ ይጠይቃል። ለሠሪዋ ስም የሚሆን መስመር አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ሥዕል ቢሆን ሠዓሊው ይፈለግ ነበር።

ስም ባይኖርም እጅ አለ። የተረሳች ሸክላ ሠሪ ፍለጋ መጀመር ያለበት ከዕቃው ነው፤ ስሙ በኋላ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የሰፈሩ ዕቃ ሁሉ ለአንዲት ታዋቂ ሴት ይሰጣል፤ ይህ ደግሞ ሌላ ዓይነት መርሳት ነው።

ለዚህ ከጀበና የተሻለ ዕቃ የለም። ያለ ማሽከርከሪያ በእጅ የሚሠራ ነው፤ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብና ረጅም። ሆዱ ተሠርቶ ጠፈፍ ሲል አንገቱ ይቀጠላል፤ ከዚያ በኋላ ጣት ወደ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የአንገቱና የሆዱ መጋጠሚያ ከውጭ በድንጋይ ታሽቶ ቢያብረቀርቅም ከውስጥ እንዳለ ይቀራል። የጣት ጫና፣ የተደራረበ ጭቃ፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የተጎተተ ጠርዝ እዚያ ይታያል። የሠሪዋ ፊርማ ይኸው ነው። በስልክ መብራትና የጥርስ ሐኪም በሚጠቀምባት ትንሽ መስታወት ማየት ይቻላል፤ አንገቱ በጣም ከጠበበ ግን የሚገኘው ከተሰበረ ጀበና ብቻ ነው። ገሉን አትጣሉ የምንለው ለዚህ ነው። ብዙ የተፈላበት ጀበና በውስጥ የቡና ዝቃጭ ስለሚሸፍነው ብዙም አይነግርም።

ቀጥሎ የጆሮው ሥር ይታያል። አንዷ ጆሮውን ሆዱ ላይ በአውራ ጣት ተጭና ትለጥፋለች፣ ሌላዋ ዙሪያውን በቀጭን ጭቃ ትከበዋለች። የታሸበትን አቅጣጫም ልብ በሉ፤ ዕቃውን በመስኮት ብርሃን ፊት ቀስ ብሎ ማዞር ነው፣ የድንጋዩ መስመር ይወጣል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እናት ትሠራለች፣ ልጅ ታሻለች፤ በአንድ ጀበና ላይ ሁለት እጅ መኖሩ የተለመደ ነው። ከማሻሸቱ ይልቅ መጋጠሚያውን የምናምነው ለዚህ ነው።

ልኬቱ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ወጥነቱ ነው። ጠቅላላ ቁመት፣ የሆድ ስፋት፣ የአንገት ርዝመት፣ የአፍ የውስጥ ስፋት፣ ክብደት። የሚይዘውን መጠን ለማወቅ በውሃ ፋንታ ደረቅ ጤፍ ይሞላ፤ ያረጀ ሸክላ ውሃ ይጠጣልና። ፎቶው ከአንድ ርቀት፣ ማስመሪያ አጠገቡ ተቀምጦ ይነሣ። ሁለት ጀበና ሲነጻጸር ከቁመቱ ይልቅ የአንገቱ ርዝመት ለሆዱ ስፋት ያለው ምጥጥን ይበልጥ ይጠቅማል። ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ ከ5 እስከ 10 በመቶ ስለሚኮማተር፣ በአንድ ቀን በአንድ እጅ የተሠሩ ሁለት ጀበናዎች እንኳ በቁመት ሊለያዩ ይችላሉ።

ጥቁረት ያታልላል። ጀበና ከእሳት የሚወጣው ቀይ ሆኖ ነው፤ ገና እንደጋለ ቅጠል ወይም ጭድ ውስጥ ሲቀበር ጭሱ መውጫ አጥቶ ገላው ውስጥ ይገባል። ቀዝቀዝ ካለ በኋላ ከተቀበረ ቡናማ ነጥብ ነጥብ ይቀራል። የወጥ ቤት ጥላሸት ደግሞ ሌላ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ሲነካው ይለቃል፣ የተኩሱ ጥቁረት አይለቅም።

ስንጥቅም ይነበባል። ከአፉ ጠርዝ ወደ ታች የወረደ ስንጥቅ ማድረቅ ላይ የመጣ ነው፤ ቀጭኑ ጠርዝ ቀድሞ ደርቆ ሲኮማተር ወፍራሙ ሆድ ገና እርጥብ ነበር። በመቅጃው ሥር ዙሪያ የሚታየው ደግሞ እርጥብ መቅጃ ከደረቀ ሆድ ጋር ሲጋጠም የሚመጣ ነው። ገላው እንደ ሳህን ተፈንቅሎ ከሆነ ውስጡ የቀረ ውሃ እሳት ላይ እንፋሎት ሆኖ ፈንድቷል። ከቀናት በኋላ ነጭ ነጥብ መሃሉ ይዞ የሚፈነቀለው የአፈሩ ጥፋት ነው፤ የተቃጠለ የኖራ ጠጠር ከአየር እርጥበት ስቦ ያብጣል። ማንነት ለመለየት የሚጠቅሙት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ደጋግመው በአንድ ቦታ ከታዩ የእጅ ልማድ ናቸውና። ሲሰበር መሃሉ ጥቁር ሆኖ መገኘቱ ግን የተኩሱን ማጠር እንጂ የሠሪዋን ማንነት አይናገርም።

ከዕቃው ወደ ሰው ሲታለፍ ገበያ ያሳስታል። መርካቶ የተገዛበት ቦታ ነው፤ ነጋዴ ከብዙ ጓሮ ይሰበስባል። ስለዚህ «መርካቶ» ተብሎ የተመዘገበ ጀበና አመጣጡ እንዳልታወቀ ይቆጠር። ቀጨኔ ላይ ሲጠየቅም «ይህን ማን ሠራው?» ብሎ መጀመር አይመከርም፤ ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» እየተባለች በኖረችበት አገር ጥያቄው ክስ ይመስላል። «እማማ፣ እጅዎን ያፍታቱት ማን ዘንድ ነው?» ይሻላል። መምህሯ ትጠራለች፣ ከዚያም የመምህሯ መምህር። ገሉን ይዞ መሄድም ጥሩ ነው፤ መጋጠሚያውን አይታ «ይሄ የእገሊት እጅ ነው» የምትል አትጠፋም። ያንን ቃል ከሌላ ሴት አፍ፣ የመጀመሪያዋ በሌለችበት፣ ደግሞ መስማት ያስፈልጋል። ስሙ እንዲጻፍ መፍቀድ የራሷ የሠሪዋ ወይም የልጆቿ ነው። አይሆንም ካሉ አይጻፍም።

ስም በወቅቱ ሲያዝ ምን እንደሚሆን የናይጄሪያዋ ላዲ ክዋሊ ታሳያለች። እንደ ቀጨኔ ሴቶች ያለ ማሽከርከሪያ በእጇ የምትገነባ ነበረች። እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ማይክል ካርዲው ማሰሮዎቿን በአካባቢው ገዥ በአሚሩ ቤት አየ፤ በ1954 እ.ኤ.አ. ያን ጊዜ አቡጃ፣ አሁን ሱሌጃ በሚባለው ከተማ ካለው የሸክላ ማሠልጠኛ ገባች። ሥራዎቿ በስሟ ወጡ። ዛሬ ምስሏ በ20 ናይራ ገንዘብ ጀርባ ላይ አለ። እጇ ግሩም ነበር፣ ጥርጥር የለውም፤ ግሩም እጅ ግን ቀጨኔም አልጠፋም። ልዩነቱ መዝገቡ ነው።

ዛሬ ለሚሠራው ምልክት ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። መቀመጫው ላይ ከተጻፈ በከሰልና በማቶት ያልቃል፤ የማሻሻው ድንጋይ በሚያልፍበት ሆድ ላይ ከሆነ ይደፈናል። የሚሻለው ከጆሮው ሥር በታች ነው፣ ድንጋይም እሳትም እምብዛም በማይደርስበት። ጭቃው ጠፈፍ ሲል፣ ጥፍር ሲጫኑት ምልክት ብቻ የሚተውበት ጊዜ፣ በመርፌ ወይም በእሾህ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይቀረጻል። እርጥብ እያለ ከተቀረጸ ጠርዙ ተመልሶ ይዘጋል፤ ከደረቀ ይረግፋል። አንድ ፊደል ይበቃል፤ ያች ፊደል የማን እንደሆነች ግን ደብተር ላይ መኖር አለባት፣ ደብተሩም ከሠሪዋ ቤት ሌላ አንድ ቦታ።