ባለ 45 ትራክተር፣ ባለ 35 ማሰሪያ፣ 2,600 ሜትር ከፍታ

ሱሉልታ ላይ ለወተት ላሞቼ የማሳጭደውን ድርቆሽ በየዓመቱ በሣጥንና በሰው ጉልበት ማሳሰር ስለከበደኝ፣ ያገለገለ የድርቆሽ ማሰሪያ ማሽን ገዛሁ። መመሪያው ቢያንስ 35 የፈረስ ጉልበት ይጠይቃል፤ ትራክተሬ ደግሞ ባለ 45 በመሆኑ 10 ተረፈኝ ብዬ ተደሰትኩ።

ኅዳር ላይ ሥራ በጀመርንበት ቀን፣ ሳሩ ወፈር ካለበት ስንደርስ ሞተሩ ጥቁር ጢስ ተፋ፣ ዙሩ ወረደ፣ ከፍላይዊሉ (ኃይል ከሚያጠራቅመው ከባድ ተሽከርካሪ ጎማ) በኩልም «ቷ!» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ማሽኑ ቆመ። የተበጠሰው መጠበቂያ ብሎኑ ነበር። ሦስት ከበጠስኩ በኋላ አራተኛውን በጠንካራ የመኪና ብሎን ልተካ ስል ሽማግሌው መካኒክ እጄን ያዙና «ልጄ፣ ይሄ እኮ የተሠራው እንዲበጠስልህ ነው፤ እሱ እምቢ ካለ ማርሹ ነው የሚሰበረው» አሉኝ።

ማታ ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ስህተቴ ተገለጠልኝ። 45 የሞተሩ ጉልበት ሲሆን፣ ለማሽኑ የሚደርሰው ግን በፒቲኦው፣ ማለትም ከትራክተሩ ኋላ ማሽን በሚያዞረው ዘንግ፣ በኩል የሚወጣው ብቻ ነው፤ ይህም ወደ 38 ይሆናል። ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ስለሚያጣ፣ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ እጄ የቀረው ከ30 በታች ነበር።

ይህ ሳያንስ ራሴም አባባስኩት። ሞተሩ ሲጨነቅ ነዳጅ እቀንስ ነበር፤ ነገር ግን ማሽኑ ውስጥ ድርቆሹን የሚጠቀጥቀው መግፊያ በመታ ቁጥር የሚያግዘው ፍላይዊሉ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል ስለሆነ፣ የፒቲኦው ዙር በደቂቃ ከ540 ወደ 450 ሲወርድ የዚህ ኃይል ሲሶ ያህሉ ይጠፋል። መቀነስ የነበረብኝ ማርሹን ነው። ፍሪሲዮኔ ደግሞ ባለ አንድ ደረጃ በመሆኑ፣ ማርሽ ለመቀየር በረገጥኩት ቁጥር ማሽኑም ድርቆሹን እንደ ጎረሰ አብሮ ይቆማል፤ ትራክተር ሲገዛ ይህን የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

በማግስቱ የድርቆሹን ረድፍ አሳሳሁት፣ ጤዛው እስኪለቅ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ድረስ ጠበቅኩ፣ በአንደኛ ማርሽም ዙሩን ሳልነካ ነዳሁ። ብሎን መበጠሱ ቆመ፣ ሥራው ግን እጅግ ተጓተተ። ስለዚህ ለቀረው ማሳ ቱርቦ ያለው ባለ 65 ትራክተር ተከራየሁ፤ ያ ወፍራም ሳር ላይ ሲደርስ ጆሮዬን ጣል አድርጌ ብጠብቅ የሞተሩ ድምፅ ብዙም አልተለወጠም። የእኔው ትራክተር ከፊት ከፊቱ ድርቆሹን በረድፍ እየሰበሰበ ዋለ።