የወጥ ቤታችንን ጥግ እንዴት እንደወሰንን

ከሁለት ዓመት በፊት ለኮንዶሚኒየም ቤታችን የወጥ ቤት ካቢኔት ልናሠራ ስንነሣ ከቀለሙና ከግራናይቱ ይልቅ ብዙ ቀን ያከራከረን ጥጉ ነበር። ክፍሉ 2.60 በ1.90 ሜትር ነው፤ ካቢኔቱ በረጅሙ ግድግዳ ሄዶ በአጭሩ ግድግዳ ይታጠፋል። የታችኛው ካቢኔት ጥልቀት 60 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሁለቱ ረድፎች በሚገናኙበት ስፍራ 60 በ60 የሆነ፣ በየትኛውም ወገን የራሱ ፊት የሌለው ካሬ ይፈጠራል። በዚህ ካሬ ምን እንደሚደረግ የመወሰን ነገር ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም የሁለቱንም ግድግዳ መሳቢያ፣ የምድጃውንም የዕቃ ማጠቢያውንም ቦታ የሚቆርጠው እርሱ ነው።

የእንጨት ሥራ ባለሙያው መጀመሪያ ያመጣልን ሥዕል በብዙ ቤት የሚታየው ዓይነት ነበር። በረጅሙ ግድግዳ 105 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ካቢኔት እስከ ጥጉ ድረስ ይገባል፤ ከዚያ ውስጥ 60ው በአጭሩ ረድፍ ይሸፈናል፤ የሁለቱ ረድፎች እጀታዎች እንዳይጋጩ 5 ሴንቲ ሜትር ማሟያ ጣውላ ይደረጋል፤ የቀረው 40 ሴንቲ ሜትር በር ይሆናል። «እህቴ፣ ውስጡ ሰፊ ነው፤ ቤት ያለው ዕቃ ሁሉ ይገባበታል» አለኝ፤ ስለ ውስጡ የተናገረው እውነት ነበር። እኔ ግን በዚያው ምሽት የበዓሉን ድስት አውርጄ በሜትር ለካሁት፤ አግድሙ 38 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከ40 ሴንቲ ሜትሩ በር ላይ የጎኑ ጣውላ ውፍረትና በሩ በማሟያው ላይ የሚያርፍበት ሲቀነስ የሚቀረው መግቢያ ወደ 36 ነው። ድስቱ ተመችቶት ሊቀመጥበት የሚችል ቦታ እያለ ድስቱ የሚገባበት በር የለም ማለት ነው። ስለ ጥግ ካቢኔት የማስብበት መንገድ የተለወጠው በዚያች ሌሊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ሥዕል ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ዕቃ ይይዛል የሚለውን ሳይሆን በየት በኩልና በምን ያህል ክፍተት ይገባል የሚለውን ሆነ።

በማግስቱ ባለቤቴና እኔ ሳሎኑን ባዶ አድርገን የወጥ ቤቱን መሥመር በጠመኔ ወለሉ ላይ አሰመርን፤ የካቢኔቱን ጎንና በር በካርቶን አቆምን፤ ዕቃዎቻችንንም አንድ በአንድ አምጥተን ለማስገባትና ለማውጣት ሞከርን። ግማሽ ቀን የፈጀ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ካደረግነው ሁሉ የጠቀመን ይህ ነበር፤ ምክንያቱም ወረቀት ላይ ሲታይ ሁሉም ነገር ይገባል፤ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጅ ከባድ ድስት ይዞ ሲሞከር ግን ክርን የሚመታበት ጣውላና ዕቃ የሚጋረድበት ስፍራ ይታወቃል። ዕቃዎቹንም በየስንት ጊዜው እንደምናነሣቸው ለየናቸው፦ ሽሮው፣ ዘይቱና መካከለኛው ብረት ድስት በየቀኑ፣ የድፎ ዳቦ መጋገሪያው በወር አንዴ ቢሆን፣ ሁለቱ የበዓል ድስቶች ደግሞ ለገና፣ ለፋሲካና ለእንግዳ። እናቴ ይህን ሲያዩ «ጥግ የገባ ዕቃ የተረሳ ዕቃ ነው፤ ልትረሺው የምትችይውን ብቻ አስገቢ» አሉኝ፤ ይህንንም እንደ መመሪያ ያዝኩት።

የሚሽከረከረው ትሪ በዕቃ መሸጫው ውስጥ ሲታይ ልብ ይወስዳል፤ እኔንም ወስዶኝ ነበር። ሁለቱ ጎኖቹ 90 ሴንቲ ሜትር የሆኑ የጥግ ካቢኔት በወለሉ 7,200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል አለው፤ በእርሱ ውስጥ የሚዞረው 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትሪ ግን ክብ ስለሆነ፣ ለበሩም ፊቱ ስለሚቆረጥ፣ ከወለሉ ሲሶ ያህሉ በጥጎቹ ባዶ ይቀራል። ለትናንሽ ጣሳዎችና ለጠርሙስ እጅግ ምቹ መሆኑን አልክድም። የእኛ ዕቃ ግን ትልልቅና ከባድ ነው፤ ሁለት ድስት የተቀመጠበት ትሪ ሌላ የሚይዘው የለም፤ መሐሉ ላይ ያለው ብረት ቢበላሽም መለዋወጫው በቀላሉ አይገኝም። ከበሩ ጋር ተያይዘው ወደ ውጭ የሚወጡት መደርደሪያዎችም ድንቅ አሠራር አላቸው፤ ዋጋቸው ግን ለእኛ ከቀረው ካቢኔት ጋር የሚወዳደር ስለነበር ተውናቸው።

የጋዝ ሲሊንደሩን ጥጉ ውስጥ እንደብቀው የሚል ሐሳብም ተነሥቶ ነበር። ይህን ያለ ክርክር ነው የከለከልኩት። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወደ ታች ይወርዳል፤ አየር በማይዘዋወርበት የተዘጋ ጥግ ውስጥ ተጠራቅሞ የእሳት ብልጭታ ይጠብቃል። ሲሊንደሩ በረንዳ ላይ ወጣ፤ ጎማው በግድግዳው አልፎ ገባ።

በመጨረሻ የመረጥነው ሁለቱ ጎኖቹ እኩል የሆኑ፣ መሐል ለመሐል የሚታጠፍ ባለ ሁለት ክንፍ በር ያለው፣ ምንም የሚሽከረከር ነገር የሌለበት የጥግ ካቢኔት ነው። የዚህ ዓይነቱ ጥቅም በሩ ሲከፈት ጥጉ ከሁለቱም ወገን አንድ ላይ መከፈቱ ነው፤ ዕቃው የሚገባው በሰያፍ ነው። በ90 ሴንቲ ሜትር ጎን ሲሠራ የጎኖቹ ጣውላ ተቀንሶ የሰያፉ ክፍተት 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ለ38 ሴንቲ ሜትር ድስት ያልፋል ማለት ቢቻልም እጅ ግን አብሮ አይገባም። ጎኖቹን ወደ 95 ስናሳድጋቸው ክፍተቱ ወደ 47 ከፍ አለ። በየግድግዳው አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር ጨምረን ሰባት ሴንቲ ሜትር የመግቢያ ስፋት አተረፍን፤ ባለሙያውም ሥዕሉን ያለ ቅሬታ ደግሞ ሠራው።

ይህ ውሳኔ ያስከፈለን ዋጋ አለ፤ ሳልናገረው ማለፍ አልፈልግም። ጥጉን ጨርሶ ዘግተን፣ በየወገኑ 5 ሴንቲ ሜትር ማሟያ ብቻ ብናደርግ ኖሮ ከየግድግዳው የሚወሰደው 65 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ እኛ የወሰድነው 95 ነው። በአጭሩ ግድግዳ ላይ ከ60 ሴንቲ ሜትሩ ምድጃ ጎን የቀረው 35 ሴንቲ ሜትር ጠባብ መሳቢያ ነው፤ ጥጉ ተዘግቶ ቢሆን 65 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ማንኪያውንም ማማሰያውንም መክደኛውንም የሚይዝ መሳቢያ ይኖረን ነበር። መሳቢያ በቀን አሥር ጊዜ ይከፈታል፤ ጥጉ በሳምንት አንዴም ላይከፈት ይችላል። ትልልቆቹን ድስቶች የምናስቀምጥበት ሌላ ስፍራ ቢኖረን ኖሮ ያለ ጥርጥር ጥጉን እዘጋው ነበር። ባለፈው ዓመት እኅቴ ቤቷን ስታሠራ የመከርኳትም ይህንኑ ነው፤ የሚኖሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የበዓሉ ድስት እናታችን ቤት ነው፤ ስለዚህ ጥጉን ዘግተን በሁለቱም ወገን ሰፋፊ መሳቢያ አደረግንላት።

ካቢኔቱ ከተገጠመ በኋላ ያስተካከልናቸው ነገሮች ነበሩ። ውስጡ ያለው መደርደሪያ በጥጉ ቅርጽ የተቆረጠ አንድ ወጥ ቺፕውድ ሲሆን ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ ተደግፎ ነበር የተሠራው፤ ከባዱ ዕቃ በተቀመጠበት በጥቂት ወራት ውስጥ መሐሉ ጎበጠ። ፊት ለፊት በታጠፈበት ነጥብ ላይ ቋሚ እንዳናደርግ መግቢያውን ይዘጋዋል፤ ስለዚህ በሁለቱ ግድግዳዎች በኩል ሙሉ ርዝመቱን የሚይዝ ጣውላ ከሥሩ አስመታን፤ ከባዱንም ዕቃ ወደ ወለሉ አወረድን። የበርበሬውን ባልዲ መጀመሪያ ያስቀመጥነው እዚያ ነበር፤ ነገር ግን አንደኛው ግድግዳ የውጭ ግድግዳ ስለሆነ በክረምት የጀርባው ጣውላ እርጥበት ያዘ፤ ባልዲውን ወዲያው አወጣነው። ከዚያ በኋላ የጀርባውን ጣውላ ከግድግዳው ጥቂት አራቅነው፤ አየር እንዲያልፍም ከታችና ከላይ ቀዳዳ አስበጀንለት።

ይበልጥ የቆጨኝ የውሃው መዝጊያ ነው። ለዕቃ ማጠቢያው ውሃ የሚዘጋው በዚያው ጥግ ነው፤ ይህን እያወቅን ጀርባው በአንድ ወጥ ጣውላ ተሸፍኖ ሲገጠም ማናችንም አላስታወስንም። አንድ ቀን ከቧንቧው መገናኛ ውሃ መንጠብጠብ ሲጀምር ዕቃውን ሁሉ አውጥተን፣ ጣውላውን በመጋዝ ቆርጠን ነው የደረስንበት። አሁን በዚያ ቦታ ላይ 25 በ25 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በአራት ብሎን የሚፈታ መክደኛ አለ፤ ፊቱም ዕቃ እንዳይቀመጥበት ባለቤቴ ዙሪያውን በቀይ ቀለም አስምሮበታል።