«እንዴት ታወቀ?» የምትለው አምስተኛ ዓምድ፦ የእንግዳ ዕፅዋት ደብተሬ የአሥራ ዘጠኝ ወር ልምድ

ከአሥራ ዘጠኝ ወራት በፊት የዓለማችንን እንግዳ ዛፎችና ዕፅዋት የምመዘግብበት ወፍራም ደብተር ስጀምር ያሰመርኳቸው ዓምዶች አራት ነበሩ፤ ስም፣ የሚገኝበት ቦታ፣ ልዩ የሚያደርገው ነገር እና ቁጥር። ቁጥር ያልኩት ቁመቱን፣ ስፋቱን ወይም ዕድሜውን ነው። ዛሬ ደብተሩ 63 ዕፅዋትን ይዟል፤ ዓምዶቹም አምስት ሆነዋል። አምስተኛዋ «እንዴት ታወቀ?» የምትል ናት፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በዋናነት ስለ እሷ ነው። ተመሳሳይ ደብተር የያዛችሁ ወይም ለመጀመር ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እኔን ስምንት ወር የፈጀብኝን ስሕተት እናንተ በአንድ ንባብ ልታልፉት ትችላላችሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሕተቱ የሚጀምረው ገጽ 4 ላይ ነው። በገጹ አናት «ራፍሌዥያ አርኖልዲ፣ ሱማትራ፣ የዓለም ትልቁ አበባ» ብዬ ጽፌአለሁ፤ በዚያው ገጽ ግርጌ ደግሞ «ታይታን አረም፣ ሱማትራ፣ የዓለም ትልቁ አበባ» ይላል። ሁለቱም ከአንድ ደሴት የተመዘገቡ፣ ሁለቱም የበሰበሰ ሥጋ የሚሸቱ፣ ሁለቱም «ትልቁ»። ተቃርኖውን ያስተዋልኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ነገሩን ሳጣራ ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ «አበባ» የሚለውን ቃል ሳልመረምር ተቀብዬ ነበርና። ራፍሌዥያ አንድ ነጠላ አበባ ነው፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ ግንድም ቅጠልም እውነተኛ ሥርም ስለሌለው፣ ቴትራስቲግማ በተባለ የወይን ዘመድ ሐረግ ውስጥ እንደ ክር ተሰራጭቶ ይኖርና ለማበብ ጊዜው ሲደርስ ብቻ የሐረጉን ቅርፊት ሰንጥቆ ይወጣል። ታይታን አረም ላይ እስከ ሦስት ሜትር የሚቆመው ነገር ግን አንድ አበባ አይደለም፤ የብዙ አበቦች ስብስብ ነው። እውነተኞቹ አበቦች ጥቃቅን ሆነው፣ በረጅሙ ዘንግ ግርጌ፣ በትልቁ ሽፋን ውስጥ ተሰውረው ይገኛሉ። ዘንጉ በሚያብብበት ሌሊት ወደ ሰው የሰውነት ሙቀት ተጠግቶ ስለሚሞቅ ሽታውን ሩቅ ይልከዋል። ይህም ቢሆን የሚበልጠው ቅርንጫፍ ከሌላቸው የአበባ ስብስቦች ነው፤ ቅርንጫፍ ካላቸውማ ታሊፖት የተባለው የእስያ ዘንባባ ይበልጠዋል። በአጭሩ፣ በአንድ «ትልቁ» ውስጥ ሦስት የተለያዩ መለኪያዎች ተጨፍልቀው ነበር።

አምስተኛዋን ዓምድ በትክክል እንዳሰምር ያደረገኝ ግን ቁመት ነው። በካሊፎርኒያ ሬድዉድ ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘውን፣ ሃይፔሪየን የተባለውን የሬድዉድ ዛፍ ስመዘግብ «115.55 ሜትር» ብዬ ከገለበጥኩ በኋላ ከነጥቡ ወዲህ ያሉት ሁለት አኃዞች ከነከኑኝ። ከሠላሳ ፎቅ ሕንፃ የሚረዝም ሕያው ነገር እስከ ሴንቲሜትር የሚለካው በምን መንገድ ነው? መልሱ ከጠበቅኩት በላይ ቀላል ነበር፤ በ2006 ክሪስ አትኪንስ እና ማይክል ቴይለር ዛፉን ካገኙት በኋላ፣ ተመራማሪው ስቲቭ ሲሌት ጫፉ ድረስ ወጥቶ ሜትሩን ወደ መሬት ለቀቀው። ዛፉ ያለበት ቦታ በይፋ ባይገለጽም ጎብኚዎች ፈልገው እያገኙት ሥሩን ስለረጋገጡት፣ ፓርኩ በ2022 አካባቢውን ለጎብኚ ዘግቶ በገንዘብ መቀጮና በእስራት የሚያስቀጣ አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አወጣሁ፤ ማን፣ መቼ፣ በምን መሣሪያ እንደለካው እስካላወቅሁ ድረስ ቁጥሩን በእርሳስ ብቻ እጽፋለሁ፤ ሲረጋገጥልኝ በእስክሪብቶ እደግመዋለሁ። ደንቡ የልጅ ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ገጹን ገልጬ ገና ሳላነብ የቱን ማመን እንዳለብኝ በቀለሙ አውቃለሁ።

ዕድሜ ከቁመት ይልቅ ያስቸግራል። በካሊፎርኒያ ዋይት ማውንቴንስ ኤድመንድ ሹልማን በ1957 ናሙና የወሰደለት ማቱሳላ የተባለው ብሪስልኮን ፓይን ዕድሜው ከ4,800 ዓመት በላይ ነው። ቁጥሩ የተገኘው ዛፉን ሳይቆርጡ፣ ውስጡ ክፍት በሆነ ቀጭን መሰርሰሪያ እርሳስ የሚያህል እንጨት አውጥተው የዕድገት ቀለበቶቹን በመቁጠር ነው። በክፉ ዓመት ዛፉ ቀለበት ሳይሠራ ሊያልፍ ስለሚችል፣ የአንዱ ናሙና ከጎረቤቶቹ ናሙና ጋር ጠባብና ሰፊው ቀለበት እየተመሳከረ ይነበባል። እነዚህ ዛፎች ዕድሜ የጠገቡት ተመችቷቸው አይደለም፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ፣ አፈሩ ስስ በሆነ ቦታ እጅግ በዝግታ ስለሚያድጉ እንጨታቸው የጠበቀና ሙጫ የበዛበት ይሆናል፤ ነፍሳትና ብስባሴም ይሸሹታል። አብዛኛው ግንድ ሞቶ አንዲት ጠባብ የቅርፊት መስመር ጥቂት ቅርንጫፎችን ስትመግብ ማየት የተለመደ ነው። በኔቫዳ ዊለር ፒክ የነበረው ፕሮሚቲየስ ግን በ1964 ዶናልድ ከሪ በተባለ የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ በፈቃድ፣ ለምርምር ተቆርጦ 4,862 ቀለበት ተቆጥሮለታል። ቆጠራው የተካሄደው ከሥሩ ከፍ ብሎ በተወሰደ የግንድ ቁራጭ ላይ በመሆኑ ትክክለኛው ዕድሜ ከዚያም ይበልጣል። ይህን በእስክሪብቶ ስጽፍ፣ ከደብተሬ በዓይን የተቆጠረው ትልቁ ቁጥር ከሞተ ዛፍ የተገኘ መሆኑ እጄን አክብዶት ነበር።

ብዙ የቆየሁት ባኦባብ ላይ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ታገሡኝ። በተለምዶ ከሚቆጠሩት ስምንት ዝርያዎች ስድስቱ በማዳጋስካር ብቻ፣ አንዱ በአፍሪካ ዋና ምድር፣ አንዱ ደግሞ በሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ ይበቅላሉ። ቀለበት ቆጠራ ለባኦባብ አይሠራም፤ ቀለበቶቹ የደበዘዙና የማያስተማምኑ ከመሆናቸው በላይ ትልልቆቹ ግንዶች መሃላቸው ባዶ ነው። ስለሆነም ሮማኒያዊው ተመራማሪ አድሪያን ፓትሩት እና ባልደረቦቹ ከግንዱ የተለያየ ጥልቀት ጥቃቅን የእንጨት ናሙና እየወሰዱ በራዲዮካርበን፣ ማለትም በእንጨቱ ውስጥ በቀረው ራዲዮአክቲቭ ካርበን መጠን ዕድሜን በሚያሳውቀው ዘዴ፣ መረመሩ። እኔን ያስገረመኝ ከዕድሜው ይልቅ በመንገድ ላይ ያገኙት ነገር ነው። ባዶው ቦታ በብስባሴ የተፈጠረ ቢሆን ኖሮ አሮጌው እንጨት ከባዶው ጠርዝ ላይ መገኘት፣ ወደ ውጭ በሄዱ ቁጥርም ዕድሜው መቀነስ ነበረበት። በብዙዎቹ ዛፎች ግን ከባዶው ጠርዝ ወደ ግድግዳው መሃል ሲገቡ ዕድሜው እየጨመረ ሄዶ፣ ከዚያ ወደ ውጭ እንደገና ይቀንሳል። የባዶው ውስጠኛ ግድግዳም ቅርፊት ለብሷል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ግንድ የሚመስለን ነገር፣ ክብ ሠርተው የበቀሉ ብዙ ግንዶች ተጣብቀው የፈጠሩት አጥር ነው፤ መሃሉ ከመጀመሪያው እንጨት ኖሮት አያውቅም። ይህን ካነበብኩ በኋላ ደብተሬ ላይ የሳልኩትን የባኦባብ ቁመናዊ ሥዕል ሰርዤ ከላይ የሚታይ ክብ ሣልኩበት።

በዚምባብዌ የነበረው ፓንኬ የተባለው ባኦባብ 2,450 ዓመት ገደማ እንደኖረ በዚሁ ዘዴ ታውቋል፤ በ2010 እና በ2011 ግንዶቹ ተራ በተራ ወድቀው ሞተ። ይኸው ቡድን በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ከአሥራ ሦስቱ አንጋፋ ባኦባቦች ዘጠኙ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሞተዋል ወይም አንጋፋ ግንዶቻቸው ወድቀዋል። ተመራማሪዎቹ የአየር ንብረት ለውጥን ጠርጥረዋል፤ እኔም «ጥርጣሬ» የሚለውን ቃል በእርሳስ ጽፌዋለሁ።

በዩታ የሚገኘው ፓንዶ ደግሞ «አንድ ዛፍ» የሚለውን ቃል ራሱን አጠራጣሪ አድርጎብኛል። 43 ሄክታር ገደማ ላይ የተዘረጋ፣ 47,000 ያህል ግንዶች ያሉት የአስፐን ደን ነው፤ ግንዶቹ ሁሉ ግን ከአንድ ሥር የወጡና በዲኤንኤ ምርመራ አንድ መሆናቸው የተረጋገጠ ነው። እያንዳንዱ ግንድ ከመቶ ዓመት ብዙም ሳይዘልቅ ስለሚሞትና በሌላ ስለሚተካ፣ ቀለበት መቁጠር ስለ መላው አካል ዕድሜ ምንም አይነግርም። አጋዘንና ከብት አዲስ ቡቃያውን እየበሉ መተካካቱን ማወካቸው ግን በዓይን የሚታይ ነው።

ከልኬት ታሪኮቹ ሁሉ የምወደው በኒጀር ቴኔሬ በረሃ የነበረው ብቸኛ ግራር ነው። በዙሪያው እጅግ ሰፊ በሆነ ስፍራ ሌላ ዛፍ አልነበረም። ሥሩ ከ30 ሜትር በላይ ጠልቆ ውኃ ላይ እንደደረሰ የታወቀው፣ በ1938 እና በ1939 ዓመታት በአጠገቡ ጉድጓድ ሲቆፈር ሥሩን እዚያ ድረስ ስላገኙት ነው። በ1973 አንድ ሹፌር በዚያ ሁሉ ባዶ ሜዳ ላይ በጭነት መኪና ገጭቶ ጣለው። ቅሪቱ ኒያሜ በሚገኘው ሙዚየም ይገኛል።

ከደብተሩ ወደ ማሰሮው ልለፍ። በናሚብ በረሃ የምትበቅለውን ዌልዊቺያን ለማብቀል አልሞከርኩም። ፍሪድሪክ ዌልዊች በ1859 በደቡብ አንጎላ ሲያገኛት በሚያቃጥለው መሬት ላይ ተንበርክኮ ከማየት በቀር ሌላ ማድረግ እንዳልቻለ ጽፏል፤ ሥዕሏን አይቼ አልፈረድኩበትም። የተዝረከረከ የቅጠል ክምር ትመስላለች፤ ሲቆጠር ግን ያሉት ሁለት ቅጠሎች ብቻ ናቸው፤ ከሥራቸው ያለማቋረጥ እያደጉ፣ ከጫፋቸው እየደረቁና በነፋስ እየተተለተሉ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሊዘልቁ ይችላሉ። እኔ በእጄ የያዝኩት ሌላውን ባለሁለት ቅጠል፣ ሊቶፕስን ነው፤ ዊሊያም በርቼል በ1811 በደቡብ አፍሪካ ድንጋይ መስሎት ያነሳው ተክል ነው። ዌልዊቺያ ሁለቱን ቅጠሎቿን ዕድሜዋን ሙሉ ስትይዛቸው፣ ሊቶፕስ በየዓመቱ ይቀይራቸዋል። አዲሱ ጥንድ በአሮጌው መሃል ባለው ስንጥቅ ውስጥ ተጠንስሶ፣ የአሮጌውን ውኃና ምግብ መጥጦ ያድጋል፤ አሮጌው እንደ ወረቀት ተኮማትሮ ይቀራል።

ይህን አንብቤ አውቄ ነበር፤ ሆኖም ግን ገደልኳቸው። አድገው ያገኘኋቸው ሦስት ሊቶፕሶች ነበሩኝ፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ውኃ ማጠጣት አለብኝ ብዬ በቀን መቁጠሪያ ምልክት አደረግሁ። የውጪዎቹ ቅጠሎች መጨማደድ ሲጀምሩ ተጠምተው መስሎኝ ጨመርኩ። አሮጌው ጥንድ እንደገና ወጠረ፤ አዲሱም ከውስጡ ገፍቶ ወጣ፤ በአንድ ሥር ላይ አራት ቅጠሎች ተደራርበው እርስ በርስ ተጨናነቁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱ ከጎኑ ተተረተረ፤ ሌላው በጣት ሲነካ እንደ በሰለ ቲማቲም ለሰለሰ። የተረፈው ሦስተኛው፣ በስንፍናዬ ሳላጠጣው የከረመው ነው። አሁን የምከተለው ደንብ አንድ ብቻ ነው፤ አሮጌው ጥንድ ደርቆ ወረቀት እስኪሆን ድረስ ጠብታ አላፈስበትም።

ሚሞሳ ፑዲካ ለጀማሪ ከሊቶፕስ የተሻለች ናት። ዘሯ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ሙቅ ውኃ ውስጥ አሳድሬ ዘራሁት፤ በቀላሉ በቀለ። ስትነካ ቅጠሏን የምታጥፈው፣ በየቅጠሊቱ መነሻ ካለችው እብጠት ሕዋሳት ፖታሲየም ሲወጣና ውኃው ሲከተለው የሕዋሳቱ ውጥረት ስለሚላላ ነው። እኔ ግን ይበልጥ የያዘኝ የሌሊት እጥፋቷ ነው። ፈረንሳዊው ዣን ዣክ ደ ሜራን በ1729 እንዲህ ያለውን ተክል ጨለማ ውስጥ አስቀምጦ ቅጠሉ ያለ ፀሐይም በሰዓቱ እንደሚከፈትና እንደሚታጠፍ አሳየ። እኔም ማሰሮዬን ቁም ሣጥን ውስጥ ሦስት ቀን ዘጋሁባትና በየሦስት ሰዓቱ በደብዛዛ ብርሃን አየኋት። ሁለት ጠዋት በሰዓቷ ተከፈተች፤ በሦስተኛው ቀን ዝላ በከፊል ብቻ ተከፈተች። በሩን በከፈትኩ ቁጥር ብርሃን አስገብቻለሁና ውጤቴ በእርሳስ ተጽፏል። በእስክሪብቶ የጻፍኩት የዕፅዋት ተመራማሪው ደ ካንዶል በ1832 ያገኘውን ነው፤ ያልተቋረጠ ብርሃን ባለበት የሚሞሳ ዑደት 24 ሰዓት ሳይሆን ከ22 እስከ 23 ሰዓት ሆነ። የውጭውን ፀሐይ በስውር እየተከታተለች ቢሆን ኖሮ 24ን ባልሳተች ነበር፤ ሰዓቱ የራሷ ነው።

ዛሬ ጠዋት ስቆጥር ከ63ቱ ዕፅዋት 22ቱ አሁንም በእርሳስ ናቸው። ከእነሱ አንዱ በመስኮቴ ላይ አለ፤ ሁለቱ ከሞቱብኝ በኋላ ከዘር ያበቀልኳቸው፣ እያንዳንዳቸው የምስር ፍሬ የሚያህሉ ሊቶፕሶች። የተዘሩበትን ቀን በማሰሮው መለያ ላይ በቀለም ጽፌው ነበር፤ ውኃ ሳጠጣ አጥቤዋለሁ። በዕድሜ ዓምድ «አሥራ አራት ወር ገደማ» ይላል፤ «እንዴት ታወቀ?» በሚለው ሥር ደግሞ «በግምት»።